የግቢ ሣር መድኃኒት ገዝተዋል? ማሸጊያውን እንዳይጥሉት!



ክረምት ሲገባ ጎንደር ውስጥ የብዙ ሰው የግቢ ሣር ክብ ክብ እየሠራ ይደርቃል። አንዱ ምክንያት ፈንገስ ነው። ሰውም "የፈንገስ መድኃኒት ስጠኝ" ብሎ ፍሬ ፍሬ የሆነውን ገዝቶ ይበትናል።

በቅርቡ ተረኛ ሆኜ አንድ አባት ልጁን አቅፎ እየሮጠ መጣ። ልጁ ሣሩ ላይ ከተበተነው አፉ ውስጥ ከቷል። "ምንድን ነው የበላው?" ስለው ከኪሱ የተቋጠረች ፌስታል አወጣ። ውስጧ ቢጫ ፍሬ አለ፤ ስም የለ፣ ጽሑፍ የለ። "ሻጩ ከትልቁ ቀንሶ ነው የሰጠኝ ዶክተር" አለኝ። ልጁ ደህና ሆኖ ወጣ፤ ግን ምን እንደበላ ሳናውቅ ስንጨነቅ አደርን።

ለምን ተጨነቅን? ተመሳሳይ የሚመስሉ መድኃኒቶች ጉዳታቸውም ሕክምናቸውም ይለያያል፦

👉 ፀረ-ፈንገስ፦ ለምሳሌ ሪዶሚል ጎልድ። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ድንች የሚያለማ ሰው ምች የሚለውን በሽታ ለመከላከል የሚረጭ ነው። ከ100 ግራም ውስጥ 64ቱ ማንኮዜብ፣ 4ቱ ሜታላክሲል-ኤም ነው። ማንኮዜብ ቆዳና ዓይን ያስቆጣል፤ ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም የእንቅርት ዕጢን ሊጎዳ ይችላል።

👉 ፀረ-ነፍሳት፦ እንደ ማላታይዮንና ዳያዚኖን ያሉት ለሀጭ ያዝረበርባሉ፣ ያስመልሳሉ፣ ትንፋሽ ያሳጥራሉ። አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለን።

👉 የነቀዝ መድኃኒት (አሉሚኒየም ፎስፋይድ)፦ ሆድ ውስጥ ገብቶ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ማርከሻ የለውም፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት።

ስለዚህ ያቺ የማሸጊያ ጽሑፍ ለእኛ ግማሽ ምርመራ ናት።

ከመግዛትዎ በፊት ይህንን ይሞክሩ፦ ሣሩን ማታ ሳይሆን ጠዋት ያጠጡ፣ ከሥሩ አይላጩት፣ ውሃ እንዳይተኛበት ያድርጉ። ፈንገስ እርጥበት ይወዳል። የድንቹ መድኃኒትም ለሣሩ ላይሠራ ይችላል፤ በሽታው ሌላ ነውና።

የግድ ከሆነ ደግሞ፦

✅ በዋናው ማሸጊያ የታሸገውን ብቻ ይግዙ።
✅ በደረቁ የሚበተን ነው ወይስ በውሃ ተበጥብጦ የሚረጭ? አንብቡ። ሪዶሚል በውሃ የሚበጠበጥ ነው፤ እንደ ማዳበሪያ አይበተንም።
✅ ጓንት፣ ማስክና ቦት ጫማ ያድርጉ።
✅ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልፍ ልጆችም ከብትም ሣሩ ላይ አይውጡ። የታከመ ሣር አጭዶ ለላም መስጠት አይገባም።
✅ የተረፈውን በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ቆልፉበት።

አደጋ ከደረሰ፦

🔴 ቆዳ ላይ ከፈሰሰ፦ ልብስ አውልቆ በብዙ ውሃና በሳሙና መታጠብ።
🔴 ዓይን ውስጥ ከገባ፦ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ።
🔴 ከተዋጠ፦ ጣት ከትቶ ማስመለስ የለም! ወተትም ዘይትም አታጠጡ። ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ሩጡ፤ ማሸጊያውንም ይዛችሁ ኑ። ማሸጊያው ከሌለ የቀረውን ቋጥራችሁ አምጡ።

ዛሬ ማታ ጓዳችሁን አንዴ ቃኙት። ስም የሌለው ፌስታል ካለ ከልጆች እጅ አርቁት፤ ምንነቱን የማታውቁትንም አትጠቀሙበት።

ግቢ ላለው ሰው ሁሉ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ጤና ይብዛላችሁ!