ጫትና ተማሪ፤ ሱስ ከቅጠሉ ብቻ የሚመጣ ነውን?

ፈተና በቀረበ ቁጥር በየሰፈሩ አንድ ነገር ሲባል እንሰማለን። ይኸውም «ጫት የቃመ ተማሪ እንቅልፍ አይዘውም፤ ያነበበውም አይጠፋበትም» የሚል ነው። ይህን የሚነግረን ብዙ ጊዜ ጠላታችን አይደለም፤ ከጎናችን የሚቀመጠው፥ ደብተሩን የሚያውሰን ወዳጃችን ነው። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ጫት ጥቂት ለመጻፍ ያሰብሁትም ማንንም ለመገሠጽ ሳይሆን፥ ቅጠሉ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፥ ሰውን አስሮ የሚይዘው ቅጠሉ ብቻ መሆን አለመሆኑን፥ የታሰረውም ሰው ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ለምን እንደሚቸገር ለመግለጽ ነው። ተግሣጹንማ ከወላጆቻችንም ከመምህራኖቻችንም ጠግበናል።

ጫት ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። የዐፄ ዓምደ ጽዮንን ጦርነት በሚተርከው የ14ኛው መቶ ዓመት ዜና መዋዕል ውስጥ እንኳ ስሙ ይገኛል። ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀው ፒተር ፎርስኮል የተባለ የዕፀዋት ተመራማሪ ሲሆን፥ እርሱም በየመን ምድር ሲመራመር ሳለ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1763 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። ዛሬ በሐረር ከተማ አጠገብ ያለውን የአወዳይን ገበያ ያየ ሰው ነገሩ ምን ያህል እንደ ሰፋ ይረዳል። ከዚያ የሚነሣው ጫት በየቀኑ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ ሀገር ይጓዛል፤ ብዙ ገበሬም ልጆቹን የሚያስተምረው በዚሁ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ገበሬውን መውቀስ ለኔ ቀላል አይደለም።

መኪናዎቹ እንደዚያ የሚበርሩት፥ ቅጠሉም በኮባ ተጠቅልሎ የሚጫነው ለምንድን ነው? ምክንያቱ በቅጠሉ ውስጥ አለ። ለጋው ጫት ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ይዟል፤ ይህንንም በ1970ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ላቦራቶሪ ለይቶ አወቀው። ካቲኖን ጠባዩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ግን በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ይፈርስና ኃይሉ ወደ ደከመ፥ ካቲን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል። የጠወለገ ጫት ዋጋው የሚወድቀውም ስለዚህ ነው።

ካቲኖን ወደ አንጎል ሲደርስ ዶፓሚን የሚባለውን የደስታና የትጋት መልእክተኛ ያበዛዋል። ቃሚው በመጀመሪያ ይጫወታል፥ ይስቃል፥ ችግር ሁሉ የተፈታ ይመስለዋል፤ ምርቃና የሚሉት ይህ ነው። ረኀቡ ይጠፋል፤ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ የደም ግፊቱም ይጨምራል። በየመን የተመራመሩ ሐኪሞች የልብ ሕመም በድንገት ከያዛቸው ሰዎች መካከል ቃሚዎች በብዛት መገኘታቸውን ጽፈዋል። የሆድ ድርቀቱንና የጨጓራውን ነገር ቃሚዎቹ ራሳቸው ያውቁታል።

ከምርቃናው በኋላ ሰውየው ዝም ይላል፥ ይተክዛል። ማታ እንቅልፍ አይመጣም። እንቅልፉን ለማምጣት ደግሞ መጠጥ ይጠጣል፤ ስሙም ጨብሲ ነው። እንግዲህ አንዱ ልማድ ሌላውን ልማድ እየጎተተ ሲያመጣ እናያለን። በማግሥቱ ሰውነት ይከብዳል፥ ሐራራው ይነሣል፤ ሳይቅም የሚውል እንደ ሆነም ሌሊት ዱካክ ይጫነዋል።

«ያነበበው አይጠፋበትም» የተባለውስ? በምርቃና ጊዜ ብዙ ገጽ እንደሚነበብ እውነት ነው። ነገር ግን አእምሮ በቀን የተቀበለውን ለይቶ በየቦታው የሚያኖረው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንቅልፉን ሸጦ ገጽ የገዛ ተማሪ ቀዳዳ ባለው እንስራ ውኃ እንደሚቀዳ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ስለ ጫት ሲወስን፥ የሚያስከትለው ሱስ ከሥጋ ይልቅ የሥነ ልቡና መሆኑን፥ መጠኑም ከቀላል እስከ መካከለኛ እንደሚደርስ ገልጾአል። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ መተው ቀላል ነው» ይላል። እኔ ግን ነገሩ ተቃራኒ ይመስለኛል። እስራቱ በሥጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰውነት ሲጠራ በተፈታ ነበር። በሰዓት፥ በቦታና በወዳጅ የታሰረ ሰው ግን ገመዱ የትና የት እንደ ተቋጠረ አያውቀውም።

ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ ከሩቅ ሀገር ላምጣ። ምሳሌው ስለ ጫት ሳይሆን ከጫት እጅግ ስለሚከፋው ስለ ሄሮይን ነው። አሜሪካ በቬትናም ስትዋጋ ከወታደሮቿ ብዙዎቹ ሄሮይን ለመዱ። መንግሥቱም ደንግጦ በ1971 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ ሀገራቸው የሚመለሱትን ወታደሮች ሽንት ማስመርመር ጀመረ። ሊ ሮቢንስ የተባሉ ሴት ተመራማሪም የተመለሱትን ተከታትለው ጠየቁ። ከወታደሮቹ ከመቶ 20 ያህሉ በቬትናም ሳሉ ሱሰኞች እንደ ነበሩ ተናገሩ። ሁሉም እንደ ተራቡ ጅቦች ሄሮይን ፍለጋ ይሰማራሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ነገር ግን ከነዚያ ሱሰኞች መካከል በመጀመሪያው ዓመት በሀገራቸው እንደገና በሱስ የተያዙት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሆኑ። ሄሮይኑ ያው ሄሮይን ነው፤ የተለወጠው ቦታው፥ ፍርሃቱ፥ ሥራ መፍታቱና አብሮ የሚውለው ሰው ነው። ይህን ስል ቦታ የለወጠ ሁሉ ይድናል ማለቴ አይደለም፤ ወታደሮቹ ወደ ሚስት፥ ወደ እናትና ወደ ሥራ ነበር የተመለሱት። ወደ ባዶ ቤት የሚመለስ ሰው ዕድሉ ሌላ ነው።

በኛም ሀገር ቢሆን ያንኑ ቅጠል ሁለት ዓይነት ሰዎች ሲቅሙት እናያለን። በሐረር በኩል ያሉ ሽማግሌዎች ለዱዓ ተሰብስበው ሲቅሙ ሰዓቱ የታወቀ፥ ታላቅና ታናሹ የተከበረ፥ ከዚያም ሁሉም ወደየቤቱ የሚሄድ ነው። እነርሱም ቢሆኑ ከጉዳቱ ነጻ ናቸው አልልም። የተማሪው በርጫ ግን በተከራዩት ጠባብ ክፍል፥ መስኮቱ ተዘግቶ፥ ተቆጪ ሽማግሌ በሌለበት፥ የፈተና ፍርሃት መሐል ላይ ተቀምጦ ነው። የሚቃመው ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱም ጭምር ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

በሰፈራችን ከኔ ሁለት ዓመት የሚበልጥ አንድ ልጅ አለ። እንዳልጠራው እንጂ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። በ12ኛ ክፍል ሳለ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ለጥናት ክፍል ተከራዩ። በመጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ በኋላ የሳምንቱ ሁሉም ቀን ቅዳሜ ሆነ። ፈተናውን አለፈ፤ ይህንንም ሳልደብቅ መናገር ይገባኛል። ጓደኞቹ ሲበተኑ ግን እርሱ ብቻውን መቃም ቀጠለ። እንቅልፍ አጣ፤ ሰዎች በስተኋላው የሚያሙት ይመስለው ጀመር። እናቱ «ልጄን ዓይን በላው» ብለው አለቀሱ፤ አባቱ «ጫታም» ብለው ከማዕድ አስነሡት። ከማዕድ የተነሣው ልጅ የሚቀበለው ቤት የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ራሱ ቆርጦ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄደ። ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ ሰልፈኛው ሁሉ በሚሰማበት ድምፅ «አንተ፥ ምንህን ነው የሚያምህ?» አለችው። ከኋላው የሰፈራችን ሴቶች ቆመው ነበር። «ሆዴን» አለ። የሆድ መድኃኒት ተሰጠውና ተመለሰ። ድጋሚ ለመሄድ አንድ ዓመት ፈጀበት።

ስለ ሕክምና እጦት ሲነገር ብዙ ጊዜ የምናስበው የሐኪም ማነስና የመንገድ ርቀት ነው። እርሱም እውነት ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በሀገሪቱ ያለ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በልዩ ሙያ ማሠልጠን የተጀመረውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀመረ፤ ሠራተኞቹም በኋላ እየየቤቱ መግባት ጀመሩ፤ ከጊዜ ወዲህም የአእምሮ ሕክምና ወደ ሌሎች ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች እየወረደ መጥቶአል። ይሁንና ከቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው አሥር ደቂቃ ብቻ የሚሄድ ልጅ በአንድ ጥያቄ ምክንያት ዓመት ሙሉ ሲርቅ፥ ርቀቱን በኪሎ ሜትር መለካት አይቻልም።

ወላጆቻችን «መድኃኒት ይሰጠውና ይተወው» ሲሉ እሰማለሁ። የጫትን ሱስ የሚነቅል የታወቀ ክኒን ወይም መርፌ የለም። ሐኪሙ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ እንቅልፉን ይመረምራል፤ ትካዜ ወይም የአእምሮ መታወክ ካለ ለርሱ መድኃኒት ይሰጣል፤ ከዚያም ቁጭ ብሎ ያነጋግራል። ልጁ በስንት ሰዓት፥ ከማን ጋር፥ ምን ሲሰማው እንደሚቅም አንድ በአንድ ይጠይቀዋል፤ ያንን ሰዓት በምን እንደሚሞላውም አብረው ያስባሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከባዶች ናቸው፤ ይከብደዋል፥ ይነጫነጫል፥ ይተኛል። በዚያ ሳምንት ቤተ ሰብ «ሰነፍ» ቢለው ሕመሙን ከጠባዩ አደባለቀበት ማለት ነው።

ያ ልጅ በሁለተኛው ጊዜ የሄደው ከታላቅ እኅቱ ጋር ነው። ካርዱን እርሷ አወጣች፤ እርሱ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጠበቀ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን፥ ሐራራው የሚነሣበት ሰዓት ነውና፥ እኅቱ ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ ቡና እያፈላች ጎረቤት ትጠራ ነበር። አባቱም ውለው አድረው ከማዕዱ መለሱት። አሁን ከአጎቱ ጋር እንጨት ሥራ ይሠራል። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ቅሞ እንደ ነበር አልደበቀኝም፤ ሐኪሙም ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል አስቀድሞ ነግሮት ነበር።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት አነበብሁለት። በዚያች ቀን ምን ቢደረግልህ ኖሮ ዓመቱ አይባክንም ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ረዘም ያለ መልስ ጠብቄ ነበር። «ሠራተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ።