የማዕድ ቤትዎ ጭስ በየት በኩል ይወጣል?

የላስታ ደጋ ሌሊቱ ብርድ ነው። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ ያሉት መንደሮች ደግሞ ከዚያም በላይ ናቸው። ስለዚህ በርና መስኮት ተዘግቶ ባሕር ዛፍና ኩበት ይነድዳል፤ ጭሱም ከቤተሰቡ ጋር ያድራል። ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ጥቀርሻ ልብ ብለው አይተውታል? ጥቀርሻውን የፈጠረው ጭስ ወደ ሳንባዎም ይገባል።

ጭስ ዓይን አስለቅሶ ብቻ አይተውም። ሕፃናትን ለሳንባ ምች፣ አዋቂዎችን ሥር ለሰደደ የመተንፈሻ አካል ሕመም፣ ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። እንጀራ የምትጋግር እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ቀዳሚ ተጎጂዎች ናቸው።

ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ጉዳቱን ይቀንሳል። ነገር ግን የተገኘው ቱቦ ሁሉ ጭስ ማውጫ አይሆንም። ሲያሠሩ የሚከተሉትን ያስተውሉ፦

• የፕላስቲክ ቱቦ አይጠቀሙ። ለመታጠቢያ ቤት እርጥብ አየር ማውጫነት ሊያገለግል ይችላል፤ የእሳት ሙቀት ግን ያለሰልሰዋል፣ ሲቃጠልም መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

• አሮጌ የአስቤስቶስ ቱቦ አይቁረጡ፣ አይግጠሙ። ብናኙ ካንሰር ያስከትላል።

• ከምድጃው የሚነሳው ክፍል ወፍራም ጥቁር ላሜራ ይሁን። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከእሳቱ አጠገብ አይመከርም፤ ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣልና።

• ቱቦው ከምድጃው የጭስ መውጫ አይጥበብ፤ መታጠፊያም አይብዛበት። ጫፉ ከጣሪያው በላይ ይውጣ፤ ዝናብ የሚከላከልና ጭሱን የማያፍን ክዳንም ይኑረው።

• ከእንጨት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ። ቤትዎ የሣር ክዳን ከሆነ ቱቦውን በሣሩ መሐል አያሳልፉ፤ ማዕድ ቤቱን ለብቻው ሠርቶ በቆርቆሮ መክደን ይሻላል።

• ጥቀርሻውን በየጊዜው ያስጠርጉ። የተደፈነ ቱቦ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሳል፤ የተጠራቀመው ጥቀርሻም እሳት ሊይዝ ይችላል።

በመጨረሻም ስለ ከሰል። ከሰል ጭስ ስለሌለው ጉዳት የሌለው ይመስላል። ሆኖም ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። የከሰል ምድጃ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት እስከ ሞት ያደርሳል። ከሰል በነደደበት ቤት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስመለስ ከተሰማዎ በሩን ከፍተው ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ ያውጡ፤ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደርቡ፤ ከሰሉ ውጭ ይደር።