ተማሪው ምን ፈልጎ መጣ?

ድረ ገጽ የተወለደው በምሁራን መካከል ነው። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 የዌብን ሐሳብ ያቀረበው በጄኔቭ አቅራቢያ በሚገኘው ሰርን የፊዚክስ ምርምር ተቋም ሲሆን፣ ያሳሰበውም በየኮምፒውተሩ ተበታትኖ የሚቀረው የተመራማሪዎች መረጃ ነበር። በ1991 ማብቂያ በአሜሪካ የተከፈተው የመጀመሪያው ድረ ገጽም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደር የፊዚክስ ማዕከል ገጽ ነው። በጥቂት መስመሮች የተሠራ ነበር፤ ዋና ሥራውም የጥናት ጽሑፎችን ፈልጎ መስጠት። የመጣ ሰው የመጣበትን ይዞ ይሄዳል።

በ2010 ካርቱኒስቱ ራንዳል መንሮ ሁለት የተጠላለፉ ክቦች ሣለ። በአንዱ ዩኒቨርሲቲዎች በፊት ገጻቸው የሚያወጡትን አሰፈረ፦ የግቢ ፎቶ፣ የፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ፣ ጋዜጣዊ መግለጫ። በሌላው ሰዎች የሚፈልጉትን፦ የትምህርት ካላንደር፣ የመምህራን ስልክ፣ የኮርስ ዝርዝር። ክቦቹ የተገናኙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ሙሉ ስም። የትምህርት ክፍሎች ገጽም ከዚህ ቀልድ ብዙ አያመልጥም።

ባለሙያዎች ጉዳዩን «የአጠቃቀም ምቹነት» ይሉታል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1998 ባወጣው ትርጓሜ ሦስት ነገር ይለካል፦ ተጠቃሚው የፈለገውን ማግኘቱ፣ ለማግኘት ያወጣው ድካም፣ እርካታው። የፎቶ ውበት ከሦስቱ አንዱ አይደለም። መለኪያውም ውድ አይደለም። የዘርፉ አዋቂ ያኮብ ኒልሰን አምስት ሰው መመልከት አብዛኛውን ችግር ለማወቅ እንደሚበቃ አስተምሯል። አምስት ተማሪ ጠርቶ «ሚድተርም መቼ ነው? ፈልጉ» ማለትና ዝም ብሎ ማየት ነው። ከባዱ ዝም ማለቱ ነው።

አንድ ጊዜ እንዲሁ ከአንድ ተማሪ አጠገብ ተቀመጥኩ። የምዝገባ ቀን ፍለጋ «ስለ እኛ»ን ከፈተ፤ «ዜና»ን ከፈተ፤ መጨረሻ ላይ ያገኘው ማኅተም ያረፈበት፣ ስካን ሲደረግ በጎኑ የተኛ ደብዳቤ ነው። ስልኩን ቢያዞር ደብዳቤው አብሮ ዞረ፤ አንገቱን አጣሞ አነበበው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለኮምፒውተር ፎቶ ብቻ ነው። በቃል ቢፈልጉት አይገኝም፤ ለዐይነ ስውር ተማሪ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌርም በቀጥታ አያነበውም። ቀኑን ገጹ ላይ በጽሑፍ ማስፈር ግን አንድ መስመር አይፈጅም።

በእኛ አገር የሚጨመርም አለ። ከውጭ የተወሰደ ቴምፕሌት መምህራንን በቤተሰብ ስም ይደረድራል። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን መምህሩ በአባቱ ስም ይገባል፤ ተማሪው ግን ዶክተሩን የሚያውቀው በራሱ ስም ነውና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያስሳል። «የቢሮ ሰዓት 3:00» የሚል ሲያገኝም ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር? ጠዋት ሄዶ የተቆለፈ በር ሲያገኝ መልሱን ያውቃል። «ከቀኑ 9:00» ብሎ መጻፍ ይበቃ ነበር።