ለከርዳዳ ጢም አንድ ምላጭ

አምስት ስለት ከአንድ ይሻላል ብሎ የሚሟገተኝ ሰው ጢሙ ለስላሳ መሆን አለበት። የኔ ከርዳዳ ነው። ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1971 ትራክ ቱ የተባለውን ባለ ሁለት ስለት መላጫ ሲያወጣ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል፣ ተከታዩ ሳይመለስ ይቆርጠዋል። ጫፉም ከቆዳ በታች ይቀራል። ቀጥ ያለ ፀጉር ተመልሶ ብቅ ይላል፤ ከርዳዳው ግን ታጥፎ ቆዳ ውስጥ እየበቀለ አንገትን በሽፍታ ይሞላዋል።

ስለዚህ የብረቱን ባለ አንድ ምላጭ እመርጣለሁ። ጢሜን በሙቅ ውሃ አርስና ሳሙናውን እርጎ እስኪመስል በብሩሽ እመታዋለሁ (ለሚቸኩል ሰው አይሆንም)። መላጫውን 30 ዲግሪ ያህል አዘንብዬ፣ ሳልጫነው፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ በራሱ ክብደት አወርደዋለሁ። ጉሮሮ አካባቢ ፀጉሩ ወደ ጎን ስለሚተኛ አስቀድሞ በጣት መዳበስ ነው። ቆዳን ወጥሮ መላጨት አልወድም፤ ያው ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባል።

ዘመናዊው ይፈጥናል፤ ጭንቅላቱ ስለሚታጠፍ እጅ ቢስትም እምብዛም አይቆርጥም። መለዋወጫው ግን ውድ ነው፣ በስለቶቹ መሃልም ፀጉር ይወተፋል። ምላጭ ከየሱቁ በርካሽ ይገኛል፤ ሁለቱም ጎኑ ይሠራል። ሲደንዝ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅመዋለሁ፤ ልጆች ባሉበት ቤት እንዲሁ አይጣልም።