ወረርሽኝና የስፔሻሊስት ሐኪም ሸክም

ወረርሽኝ በአገር ላይ በወረደ ጊዜ ሕዝብ ሁሉ ዓይኑን ወደ ሐኪም ያነሣል፤ ነገር ግን ለአንድ ብልት ወይም ለአንድ ደዌ ብሎ ብዙ ዘመን የተማረውን ስፔሻሊስት መቅሠፍቱ ከሙያው ነቅሎ ባላሰበው ስፍራ ሲያቆመው፣ በሥጋውና በሕሊናው ምን እንደሚደርስበት የሚመረምር ጥቂት ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ኮሮና በሰሜን ኢጣሊያ በሎምባርዲያ በበረታ ጊዜ የአጥንቱም የሽንት ቧንቧውም ሐኪም ወደ ኮሮና ሕሙማን ክፍል ታዘዘ። የከበደው ዕጣ ግን የወደቀው በማደንዘዣና በፅኑ ሕሙማን ሐኪሞች ላይ ነበር፤ አልጋው ከሕሙማኑ ቍጥር ሊያንስ መሆኑ በታየ ጊዜ፣ የሙያ ማኅበራቸው በማርች ወር ባወጣው የምክር ጽሑፍ የመዳን ተስፋው የላቀው እንዲቀድም፣ ግድ ከሆነም የዕድሜ ወሰን ሊደረግ እንደሚችል አስታውቆ ነበርና። ነፍስ ለማዳን የማለ ሰው ነፍስን ከነፍስ አበላልጦ እንዲፈርድ ሲገደድ የሚያገኘው የሕሊና ቍስል፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከድካሙም ከሞት ሥጋቱም ይልቅ ለመሻር አስቸጋሪ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ በሥራ ማጣት ተፈተነ። ወረርሽኙ በሚጸናባቸው 12 ሳምንታት በዓለም ዙሪያ 28 ሚሊዮን ያህል የቀጠሮ ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚሰረዙ ወይም እንደሚዘገዩ ተገምቶ ነበር፤ ካንሰር ቀጠሮ እንደማያከብር የሚያውቀው ሐኪምም ታማሚውን «እንጠራሃለን» ብሎ ሲመልስ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሬዚደንት እጁን የሚያለማምድበትን ጊዜ አጣ።

የታማሚን እስትንፋስ ተጠግተው የሚሠሩት የዓይን፣ የጥርስና የአንገት በላይ ሐኪሞች ለአደጋው የቀረቡ ነበሩ፤ ስለ በሽታው አስቀድሞ ባልደረቦቹን ያስጠነቀቀው የውሃን ከተማው ሊ ዌንሊያንግ፣ በፌብሩዋሪ 2020 በ33 ዓመቱ ያረፈው፣ የዓይን ሐኪም ነበር። በዚያው ዘመን በቻይና በ34 ሆስፒታሎች ከተጠየቁት 1,257 ሐኪሞችና ነርሶች እኩሌታ ያህሉ የድብርት ምልክት፣ ሲሶ ያህሉም የእንቅልፍ እጦት ታየባቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ ሜይ 2021 ድረስ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤና ሠራተኞች በወረርሽኙ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል።

በኒው ዮርክ የአንድ ድንገተኛ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሎርና ብሪን ራሳቸው ታመው ወደ ሥራ ከተመለሱ በኋላ፣ በኤፕሪል 2020 ሕይወታቸው በገዛ እጃቸው አለፈ፤ የአእምሮ ሕክምና መሻታቸው ከታወቀ የሥራ ፈቃዳቸውን እንዳያጡ ይሰጉ እንደ ነበር ቤተ ሰባቸው መሰከረ። በስማቸው የተሰየመው የ2022 የአሜሪካ ሕግ ለጤና ሠራተኞች የአእምሮ ጤና ገንዘብ እንዲመደብ ፈቀደ። የእኛም የሐኪሞች ማኅበራትና ጤና ሚኒስቴር፣ ሌላ ወረርሽኝ ሳይቀድማቸው፣ የታመመ ሐኪም ሳይሰጋ የሚታከምበትን ደንብ በጽሑፍ ያጽኑ።