ኑዛዜ ለማን ይነገራል?

በባሕር ዳር አቅራቢያ ባለችው ሐሙሲት በሽተኛ ሲከብድ ሁለት ቦታ ይላካል፤ አንድ ወደ ነፍስ አባቱ፣ አንድ ወደ ሩቅ ልጆቹ። ድሮ በእግር ነበር፣ ዛሬ በስልክ ነው። ቤቱ በሰው ይሞላል። አንዲት አሮጊት ጥጥ እየነከረች ከንፈሩን ታረጥባለች። እንባ የተናነቃት ካለች «ነፍሱን አታስጨንቂ» ተብላ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ለቅሶው የሚፈቀደው ዓይኑ ከተከደነ፣ አገጩ በሻሽ ከታሰረ፣ ሁለቱ የእግር አውራ ጣቶች በክር ከተጣመሩ በኋላ ነው።

እዚያ የተገኘ ሰው ሐዘንተኛ ብቻ ሳይሆን ምስክርም ነው። «ተናዘዘ» ስንል ኃጢአቱን ለካህን ተናገረ ማለታችን ነው፤ ንብረቱን አወረሰ ማለታችንም ነው። አንድ ቃል ሁለቱን ችሎ የኖረው ሁለቱም በአንድ አልጋ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቄስ ፊት ስለሚፈጸሙ ይመስለኛል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሁለቱን ለያይቷል። አንቀጽ 892 ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው ፈቃዱን ለሁለት ምስክሮች በቃል እንዲናገር ይፈቅድለታል። ቀጣዩ አንቀጽ ወዲያው አፉን ይይዘዋል፤ በቃል የሚቻለው ስለ ቀብሩ፣ ስለ ትናንሽ ልጆቹ ሞግዚት፣ እያንዳንዱም ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ መናዘዝ ብቻ ነው። ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከኖረ ቃሉ ይፈርሳል። 500 ብር ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ደህና ዶሮ መግዛቱን እንጃ።

ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው። «አባቴ ቤቱን ለእኔ ብሏል፣ ቄሱም ጎረቤቱም ሰምተዋል» የሚለው ልጅ ላይዋሽ ይችላል። ለመንደሩም የሙት ቃል አደራ ነው። ቤት ግን በቃል አይወረስም። ተናዛዡ በገዛ እጁ ካልጻፈው፣ የተጻፈው በእሱና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።

ሆስፒታል ደግሞ የነፍሱንም የንብረቱንም ኑዛዜ ያሳጣል። ከሐሙሲት ክፉኛ የታመመ ባሕር ዳር ይወሰዳል፣ ወይም ወረታ ላይ ታጥፎ ደብረ ታቦር። ብዙ ሆስፒታል ከአልጋው አጠገብ አንድ አስታማሚ እንጂ ሁለት አያስገባም። ሁለተኛው ምስክር በር ላይ ከዘበኛ ጋር ይከራከራል። ሐኪሙ «ቤቱ ይሻለዋል» ሲል ቤተሰብ መኪና ለመኮናተር የሚጣደፈው አንድም ለዚህ ነው፤ ሰው መሐል እንዲሞት።

እኔ ግን ከሕጉ ይልቅ ዝምታችንን እከሳለሁ። ሕመሙ ለታማሚው አይነገርም። ተቀምጦ መጻፍ በሚችልባቸው ወራት «አይዞህ፣ ትድናለህ» ሲባል ይከርማል፤ ወረቀቱ የሚመጣው እስክሪብቶ መያዝ ሲያቅተው ነው። ያኔ አንዱ እጁን ይዞ አውራ ጣቱን በቀለም ይነክርለታል። ከዓመት በኋላ ችሎት ላይ የሚጠየቀው ስለዚያ ጣት ነው፦ ራሱ አነሣው ወይስ ተነሣለት?