በእርሳስዎ ጫፍ ያለው ምሥጢር

አንባቢ ሆይ፤ በእርሳስ አንድ መሥመር ሲያሰምሩ በወረቀቱ ላይ ምን ትተው እንደሚያልፉ አስበው ያውቃሉ? በእርሳሱ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ከሸክላ ጋራ የተለወሰ ግራፋይት ነው። ግራፋይት በመሶብ እንደ ተደራረበ እንጀራ የተነባበረ ካርቦን ሲሆን፣ በአንድ ሚሊሜትር ውፍረት 3 ሚሊዮን ያህል ንጣፍ ይገኝበታል።

የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ግራፋይቱን በተጣባቂ ፕላስተር እየላጡ፣ ግራፊን የምትባለውን አንዲት ንጣፍ ለብቻዋ መለየታቸውን እ.ኤ.አ. በ2004 አስታወቁ። በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ኮምፒዩተር የሚሠራው ኤሌክትሮኖችን ወዲያና ወዲህ በመንዳት ነው፤ ስለዚህ ይሞቃል፤ ኤሌክትሪክም ያባክናል። ነገር ግን ኤሌክትሮን ሁሉ እንደሚሾር እንዝርት ያለ «ስፒን» የሚባል ጠባይ አለው። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክተው ይህ ስፒን እንደ ፊደል ሆኖ መልእክት ቢይዝ ብክነቱ ይቀንሳል። ግራፊን ስፒኑን ሳያዛባ በመሸከም የታወቀች ናት፤ ሆኖም ራስዋ ማግኔት አይደለችም።

በ2017 ከክሮሚየምና ከአዮዲን የተሠራ አንድ ንጣፍ ማግኔት ሆኖ ተገኘ። ዳሩ ግን ከዜሮ በታች 228 ዲግሪ ያህል ካልቀዘቀዘ ማግኔትነቱ ይጠፋል። እንግዲህ የሊቃውንቱ ትግል እንዲህ ያለውን ስስ ማግኔት በተራ የቤት ሙቀት አስተማማኝ አገልጋይ ለማድረግ ነው።